ሊድሊ ኩዔ፤ በሁለት ወንዞች መገናኛ የቆመች የጠጉራም ቆዳ ንግድ ከተማ

በካናዳ ሰሜን ምዕራብ፤ ከ61ኛው የኬክሮስ መስመር አልፎ፤ ሊያርድ የተባለው ወንዝ ከታላቁ የመኬንዚ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። በደሴቲቱ ላይ ያለችው ከተማ በመንግሥት መዝገብ ፎርት ሲምፕሰን ትባላለች፤ ትርጓሜውም የሲምፕሰን ምሽግ ማለት ነው። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ዴኔዎች ግን ሊድሊ ኩዔ ይሏታል፤ ይኸውም ወንዞች የሚገናኙበት ስፍራ ማለት ነው። መኬንዚንም ዴህ ቾ፤ ታላቁ ወንዝ፤ ብለው ይጠሩታል። የከተማዋ ነዋሪ ቍጥር ከ1200 ብዙ ስለማይርቅ በእኛ አገር ቢሆን ከተማ ለመባሏ ክርክር ይነሣ ነበር። የሆነ ሆኖ ለታሪክ ተማሪ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ይልቅ ይህች ስፍራ የምታስተምረው ነገር አላት፤ ምክንያቱም ስለ አንድ ምድር ሁለት ዓይነት መዝገብ፤ አንዱ በወረቀት ሁለተኛው በአፍ፤ ፊት ለፊት ተጋጥመው የተፋረዱባት ስፍራ ናት።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ በካናዳ ከፍተኛ ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ የጀመርሁት የመዛግብት ምርመራ ነው። የጥናቴ አርእስት ሌላ ነበረ። ነገር ግን በዊኒፔግ ከተማ የሚገኘውን የሀድሰን ቤይ ኩባንያን ቤተ መዛግብት ስመለከት የዚህች ምሽግ የዕለት ውሎ መዝገብ እጄ ገባና ከዋናው ሥራዬ አዘናጋኝ፤ አስተማሪዬም ይህን አልወደደልኝም። በኋላ፤ እኛ ክረምት በምንለው እነርሱ ግን በጋ በሚሉት ወራት፤ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ስፍራውን በዓይኔ ለማየት ሄድሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

መንገዱ ረዥምና አሰልቺ ነው። ከሁለቱም ወገን ጥዱ ሳይቋረጥ ይከተላል፤ ሰውም መንደርም ሳይታይ ብዙ ሰዓት ይታለፋል። ሊያርድ ላይ ድልድይ የለም። በበጋ መኪናው በጀልባ ተጭኖ፤ በክረምት ደግሞ በረጋው ወንዝ ላይ በተጠረገ መንገድ እየተነዳ ይሻገራል፤ በረዶው በሚረጋበትና በሚሰበርበት ወራት ግን መንገዱ ለሳምንታት ይቋረጣል። ወደ ከተማዋ የደረስሁት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የሊያርድ ውሃ ደፍራሽ፤ የመኬንዚ ውሃ ንጹሕ በመሆኑ ሁለቱ ወንዞች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከዳር ቆሞ ማየት ይቻላል።

በማግሥቱ ምሽጉን ልፈልግ ወጣሁ። የግንድ ቅጥር፤ ወይም ቢያንስ የመሠረት ድንጋይ አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ አላገኘሁም። በኋላ እንደ ተረዳሁት ምሽግ የሚለው ስም ራሱ አሳሳች ነው። በዚያ አገር ፎርት ተብሎ የሚጠራው አብዛኛው ስፍራ መድፍና ወታደር የነበረበት ሳይሆን የዕቃ ቤት፤ የወኪሉ መኖሪያ፤ የሠራተኞች ሰፈርና የድንች ማሳ ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል ወይም ለሌላ ቤት ይነሣል። ስለዚህ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያላት ከተማ ከዘመኗ የሚመሰክር ግንብ የላትም፤ ምስክሯ በዊኒፔግ ያለው ወረቀትና በነዋሪው አፍ ያለው ነገር ብቻ ነው።

ነጋዴዎቹን ወደዚያ ያመጣቸው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከባርኔጣ መነሣት ያስፈልጋል። ቢቨር የተባለው እንስሳ በወንዝ ዳር የሚኖር፤ ዛፍ በጥርሱ እየገመሰ ግድብ የሚሠራ፤ በቁመቱም ከትልቅ ጃርት የሚወዳደር ነው። ጠጉሩ ሁለት ዓይነት ሲሆን ላይኛው ረዥምና ሻካራ፤ ታችኛው አጭርና ልስልስ ነው። ይህ የታችኛው ጠጉር ጥቃቅን መንጠቆዎች ያሉት በመሆኑ በሙቀትና በእርጥበት ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዝና ዝናም የማያስገባ፤ ቅርጹንም የማይለቅ ጨርቅ ይሆናል። የአውሮፓ መኳንንትና ከበርቴዎች ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በራሳቸው ላይ ያደረጉት ባርኔጣ ከዚህ የተሠራ ነበር። ባርኔጣ ሠሪዎቹም ጠጉሩ በይበልጥ እንዲያያዝ ባዜቃ በሟሟበት አሲድ ይቀቡት ስለ ነበር ብዙዎቹ በመርዙ እየተንቀጠቀጡ አርጅተዋል። ቢቨር በምዕራብ አውሮፓ እየታደነ ከሞላ ጎደል ስለ ጠፋ የነጋዴው ዓይን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተመለሰ።

በ1670 የእንግሊዝ ንጉሥ 2ኛ ቻርልስ ወደ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚፈስሱ ወንዞች የሚያጠጡትን ምድር በሙሉ ለአንድ የነጋዴዎች ማኅበር በቻርተር ሰጠ። የሀድሰን ቤይ ኩባንያ የተባለው ይህ ነው። አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ የመኬንዚ ወንዝ ወደ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ አይፈስስም፤ የሚፈስሰው ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር ነው። ስለዚህ ሊድሊ ኩዔ ንጉሡ ሰጠሁ ባለው ምድር ውስጥ አልነበረችም። ይህን የምጠቅሰው ንጉሡ ያላየውን አገር ለመስጠት ሥልጣን ነበረው ለማለት አይደለም፤ በነጋዴዎቹ በራሳቸው ሕግ እንኳ ቢመዘን የይዞታቸው ሐረግ ከመነሻው የተበጠሰ እንደ ነበር ለማሳየት ነው።

በ1789 አሌክሳንደር መኬንዚ የተባለ የተፎካካሪው የሰሜን ምዕራብ ኩባንያ ሰው ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚያደርስ መንገድ አገኛለሁ ብሎ ከአታባስካ ሐይቅ በልጥ በተሠራ ታንኳ ተነሣ። ወንዙም ወደ ሰሜን ይዞት ሄዶ በበረዷማው ባሕር አጠገብ ጣለው። ወንዙ ዛሬ በእርሱ ስም ቢጠራም ብቻውን አልነበረም። ነጮቹ የእንግሊዝ አለቃ የሚል ቅጽል የሰጡት አውጊና የተባለ የቺፔዋያን ሰው በመሪነትና በአስተርጓሚነት አብሮት ሄዷል፤ የአውጊና ሚስቶችም በመቅዘፍና በመስፋት ጉዞውን አገልግለዋል። የሰሜን ምዕራብ ኩባንያ በ1803 ገደማ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ የንግድ ጣቢያ ሠራ። ሁለቱ ኩባንያዎች እስከ ደም መፋሰስ ከተፎካከሩ በኋላ በ1821 ተዋሐዱና የሀድሰን ቤይ የሚለው ስም ለሁለቱም ሆነ። የጣቢያዋም ስም በጆርጅ ሲምፕሰን፤ በኩባንያው ገዥ፤ ተሰየመ። ከዚያ ጀምሮ ፎርት ሲምፕሰን የመኬንዚ አውራጃ ንግድ ሁሉ ዋና መቀመጫ ሆነች።

የዚህ ንግድ አካሄድ ለኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪ እጅግ ጠቃሚ ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራው። ዕቃው ከለንደን በመርከብ ተጭኖ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። ከዚያ በወንዝና በሐይቅ እስከ ላ ሎሽ ማቋረጫ ይመጣል፤ ይህም የሁለቱ ተፋሰሶች ወሰን የሆነ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደረቅ መንገድ ነው። የመኬንዚ ጀልባዎች ከሰሜን ቆዳ ጭነው፤ የደቡብ ጀልባዎች ደግሞ ዕቃ ጭነው በበጋው አጋማሽ በዚያ ይገናኛሉ፤ ሸክሙ በሰው ጀርባ ይሻገራል፤ ይለዋወጡና እያንዳንዱ ወደ መጣበት ይመለሳል። በጋው አጭር በመሆኑ ጥቂት ቀን የዘገየ ጀልባ በረዶ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ለአንድ ክረምት የሚያስፈልግ ባሩድ ከብዙ ጊዜ በፊት መታዘዝ ነበረበት። በ1886 ሪግሊ የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በመኬንዚ ላይ እስክትንሳፈፍ ድረስ ነገሩ ይህን ይመስል ነበር።

የዋጋው መለኪያ ገንዘብ ሳይሆን ቢቨር ነበር። በደንብ የተዘጋጀ የአንድ ጎልማሳ ቢቨር ቆዳ አንድ ተብሎ ይቈጠራል፤ ሌላው ቆዳ፤ ብርድ ልብሱ፤ ብረት ድስቱ፤ ጥይቱ ሁሉ በዚያ ልክ ይሰላል። ይህ ስለ አሞሌ ጨው ያጠና የአገራችን ተማሪ በቀላሉ የሚረዳው ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ልዩነት አለው። አሞሌ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር፤ ቢቨሩ ግን በጸሐፊው መዝገብ ላይ የሚኖር ሐሳባዊ ሚዛን ነበር። ሚዛኑም መዝገቡም የአንድ ወገን ነበሩ። በአውሮፓ የሐር ባርኔጣ ፋሽን ሆኖ የቢቨር ዋጋ በወደቀ ጊዜ እንኳ፤ ይኸውም ከ1840 ገደማ ጀምሮ፤ መለኪያው ስሙን አልለወጠም። በመኬንዚ ዋናው ሀብት ማርተን የተባለው ትንሽ አውሬ ቆዳ ሆነ፤ እርሱም በቢቨር ተቈጠረ።

አዳኙ በመከር ወራት ወደ ጣቢያው መጥቶ ባሩድ፤ ጥይት፤ ሻይና ብርድ ልብስ በዱቤ ይወስዳል። ክረምቱን በጫካ ወጥመድ ሲያጠምድ ከርሞ በረዶው ሲሰበር ቆዳውን ያመጣና ዕዳውን ይከፍላል፤ ተራፊ ካለው ሌላ ዕቃ ይወስዳል፤ ጐድሎበት ከተገኘ ለሚመጣው ዓመት ይዞርበታል። ይህን አሠራር አንዳንድ ጸሐፊዎች የባርነት ገመድ አድርገው ያዩታል። እኔ እስካየሁት ድረስ ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ዴኔው ኩባንያውን ሳይፈልግ መኖር ይችል ነበር፤ ኩባንያው ግን ያለ ዴኔ አንድ ክረምት አይዘልቅም። የምሽጉን ሰዎች የሚመግበው የዴኔ አዳኝ የሚያመጣው የሙስ ሥጋና ዓሣ ነበር፤ ቋንጣውን አድርቀው፤ ወቅጠው፤ በሞራ ለውሰው ለመንገደኛ ስንቅ የሚያዘጋጁት ሴቶች ነበሩ። በጥልቅ በረዶ ላይ የሚያስኬደውን ጫማ በጠፍር የሚጠልፉት፤ ቆዳውን ፍቀው የሚያለሰልሱት፤ መረቡን የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹም ለኩባንያው ሠራተኞች ሚስቶች ሆነዋል፤ በወንዙ ዳር የሚኖሩት ሜቲስ የሚባሉት ቤተ ሰቦች ከዚህ የተገኙ ናቸው። በዕለት ውሎው መዝገብ ግን የሴቶቹ ስም ከስንት አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ጸሐፊው ስለ ነፋሱ፤ ስለ ቅዝቃዜው፤ ስለ ድንቹ አጥብቆ ይጽፋል፤ ከሊያርድ ወገን ሁለት ሰዎች መጥተው ጥቂት ቆዳ አምጥተው ሄዱ ይላል፤ ያበቃል።

ከጸሐፊዎቹ መካከል ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው አለ። በርናርድ ሮስ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ከ1858 እስከ 1862 የአውራጃው ኀላፊ ሆኖ በፎርት ሲምፕሰን ተቀምጧል። በ1859 ሮበርት ኬኒኮት የተባለ አሜሪካዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶኒያን ተቋም ናሙና ሊሰበስብ ወደዚያ በመጣ ጊዜ ሮስና ጓደኞቹ በረዥሙ ክረምት የሚያዝናና ሥራ አገኙ። ወፍ፤ እንቁላል፤ አይጥ፤ የሰው ልብስና መሣሪያ ሁሉ እየሰበሰቡ ላኩ። በስሙ የተጠራ የዝይ ዓይነትም እስከ ዛሬ አለ። ሮስ ለኤድንበርግ የኢንዱስትሪ ሙዚየምም ልኳል። የዚያ ሙዚየም ዲሬክተር ጆርጅ ዊልሰን የፈለገው የብርቅ ዕቃ ክምችት ሳይሆን ሕዝቦች ከጥሬ ዕቃ ተነሥተው እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳይ ስብስብ ስለ ነበር፤ በጃርት እሾህ የተጠለፈ የቆዳ ልብስ፤ ከረጢት፤ ቀስት፤ መረብ ወደ ስኮትላንድ ተሻገረ። ሮስ ስለ ሕዝቡ የጻፈው ሐተታ በዘመኑ በነበረ ትዕቢት የተሞላ ነው፤ ዛሬ ለማንበብ ያሳፍራል። የላከው ዕቃ ግን ያለ ሐተታው ይናገራል። በ2006 ከዚያው ስብስብ የተመረጡ ዕቃዎች ለትርኢት ወደ የሎናይፍ ከተማ ተመልሰው በመጡ ጊዜ የዴኔ ሊቃውንት አሠራሩን አይተው ያብራሩት ነገር ሮስ በአራት ዓመት ካስተዋለው እጅግ ይበልጣል።

ስለ ሚስዮናውያኑ በአጭሩ ልለፍ። በ1858 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያኑ ጄምስ ሀንተርና የካቶሊኩ አንሪ ግሮሊየ በአንድ የጀልባ ጉዞ አብረው ወደ ፎርት ሲምፕሰን መጡ፤ ከወረዱ በኋላ ግን ለነፍሳት ሲሻሙ ኖሩ። የዚህ ሽሚያ ውጤት በከተማዋ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ዘልቋል፤ በ1960 የተከፈቱት ሁለት የተማሪዎች ማደሪያዎች አንዱ ለካቶሊክ ሁለተኛው ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው በዚያ ያደጉት ብዙዎች ቋንቋቸውን አጥተው ተመለሱ።

ከንግዱ ጋር የመጣው ሌላው ነገር በሽታ ነው። በ1865 ቀይ ትኵሳት በወንዙ ሁሉ አለፈ። በ1928 ደግሞ ዲስትሪቢዩተር የተባለችው የኩባንያው መርከብ በየጣቢያው የዓመቱን ዕቃ ስታራግፍ ኢንፍሉዌንዛ አብራ አራገፈች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በብዙ መቶ የሚቈጠር ሰው፤ በይበልጥም ሽማግሌዎች፤ አለቁ። ታሪክ በቃል በሚጠበቅበት አገር የሽማግሌ ሞት የቤተ መዛግብት መቃጠል መሆኑ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። በ1870 የካናዳ መንግሥት የኩባንያውን ምድር ከሰሜን ምዕራቡ ግዛት ጋር ተረከበ፤ ለኩባንያውም 300000 የእንግሊዝ ፓውንድ ከፈለ። በመኬንዚ ወንዝ ለሚኖረው ዴኔ ግን የነገረው አልነበረም። ለሃምሳ ዓመትም ያህል ግድ አልነበረውም። በ1920 በወንዙ ታችኛ ክፍል ነዳጅ ዘይት ተገኘ፤ በሚመጣው በጋ ሄንሪ ኮንሮይ የተባለ የመንግሥት መልእክተኛ ውል ይዞ ደረሰ። ይህም 11ኛው ውል የሚባለው ነው። በፎርት ሲምፕሰን የተፈረመው ሐምሌ 11 ቀን 1921 ነው። የውሉ ጽሑፍ ሕዝቡ 372000 ስኩዌር ማይል ምድር ለንጉሡ ለዘለዓለም እንደ ለቀቀ ይናገራል፤ በለውጡ ለእያንዳንዱ ሰው በየዓመቱ አምስት ዶላር፤ ለአለቃው 25 ዶላር ይሰጣል ይላል።

ይህ ወረቀት ነው። ዴኔዎቹ የሚያስታውሱት ሌላ ነው። ጳጳሱ ገብርኤል ብሬይና ከመልእክተኛው ጋር አብረው ሄደው ሕዝቡ እንዲቀበል መክረው ነበር፤ ማደንና ማጥመድ እንደማይከለከል ቃል መሰጠቱንም እርሳቸው ራሳቸው መስክረዋል። በ1938 በቶሮንቶ ጋዜጣ መንግሥት ቃሉን አላከበረም ብለው በብርቱ ጽፈዋል። ሽማግሌዎቹ እንደሚተርኩት በፎርት ሲምፕሰን ሕዝቡ እንዲናገርለት የመረጠው ኖርዌጂያን የሚል ቅጽል የነበረው ሽማግሌ ነበረ፤ እርሱም ውሉን አልቀበልም አለ። ለምሳ ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ አንትዋን የተባለ ሌላ ሰው አለቃ ተብሎ ተሾመና ተቀበለ። በወረቀቱ ላይ ይህ የለም። ወረቀቱ ያለው ስምና ምልክት ብቻ ነው።

በ1973 አሥራ ስድስት የዴኔ አለቆች በምድሩ ላይ የይገባኛል ማስታወቂያ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ፤ ጉዳዩም በዳኛ ዊልያም ሞሮ ፊት ቀረበ። ዳኛው በየመንደሩ እየዞሩ፤ ወደ ፎርት ሲምፕሰንም መጥተው፤ ውሉ ሲደረግ በቦታው የነበሩትን ሽማግሌዎች ቃል በአስተርጓሚ ሰሙ። ካህኑ ረኔ ፉሞሎም ከሽማግሌዎቹ የሰበሰቡትንና ከመንግሥት መዛግብት ያገኙትን በአንድነት መርምረው በኋላ ትልቅ መጽሐፍ አድርገው አሳትመውታል። ዳኛው በመስከረም 1973 በሰጡት ፍርድ ሕዝቡ ምድሩን በእርግጥ ስለ መልቀቁ በቂ ጥርጣሬ እንዳለና አለቆቹ ሊጠበቅ የሚገባው መብት እንዳላቸው ወሰኑ። የበላይ ፍርድ ቤቶች በኋላ ማስታወቂያው በሕጉ መሠረት ሊመዘገብ አይችልም ሲሉ ሻሩት፤ የመጨረሻው ፍርድ በ1976 ተሰጠ። ነገር ግን የሻሩት በምዝገባው ሕግ ምክንያት ነው እንጂ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ሐሰት ነው ብለው አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ልማድ አንድ ነገር ልናገር። እኛ የብራና አገር ሰዎች በመሆናችን ለተጻፈ ነገር ክብር እንሰጣለን፤ በአፍ የተነገረውን ደግሞ ተረት ማለት ይቀናናል። ይሁን እንጂ በየገዳማቱ በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፉትን የርስትና የጉልት ስጦታዎች የመረመረ ሰው እንደሚያውቀው፤ ጽሑፉ በብዙ ስፍራ ማን ማን በሸንጎው እንደ ነበረ፤ በምን ሹመት እንደ ነበረ ስም እየጠራ ይዘረዝራል። ጽሑፉ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ሕያዋን ምስክሮችን ይጠራል። በ11ኛው ውል ላይ ያለው ጕድለት፤ በእኔ ግምት፤ በአፍና በጽሑፍ መካከል ያለው ልዩነት አይደለም። ምስክሮቹ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጠየቁ መቅረታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር በብዙ መጻሕፍት ስለ ተነገረ አላራዝመውም። ከ1974 እስከ 1977 ዳኛ ቶማስ በርገር በመኬንዚ ሸለቆ የጋዝ ቧንቧ ይዘርጋ ወይስ አይዘርጋ የሚለውን ለመመርመር በ35 መንደሮችና ከተሞች እየተዘዋወሩ ሕዝቡን አዳምጠው፤ የምድሩ ጥያቄ ሳይፈታ ሥራው ለአሥር ዓመት እንዲቆይ አሳሰቡ። በ1984 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት 2ኛ ዮሐንስ ጳውሎስ ወደ ፎርት ሲምፕሰን ሲመጡ ጭጋግ አውሮፕላናቸውን ስለ ከለከለው ሳያርፉ ቀሩ፤ ሕዝቡ ከሩቅ ተሰብስቦ ነበር። ቃላቸውን ጠብቀው መስከረም 20 ቀን 1987 ተመልሰው መጡ፤ በወንዙ ዳር ባለው ሜዳም ተቀብሎ ያደረው ሕዝብ ፊት ስለ ራስን ማስተዳደር መብት ተናገሩ። ቃል የሚጠብቅ እንግዳ በዚያ አገር ብርቅ በመሆኑ ሁለተኛው ምጽአት እስከ ዛሬ በአድናቆት ይወራል። ኤህዳ የተባለው የጥንት መሰብሰቢያቸውም በዚያው በሜዳው ላይ ነው። በግንቦት 2021 የሊያርድ በረዶ ቀድሞ ተሰብሮ ገና ባልተሰበረው በመኬንዚ በረዶ ላይ ስለ ተከመረ ውሃው ደሴቲቱን አጥለቀለቀ፤ ነዋሪዎቹም ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። ሁለት ወንዞች መገናኘታቸው ከተማዋን የፈጠረ ምክንያት ነው፤ ዋና አደጋዋም እርሱው ነው።

አንድ ነገር ለአገሬ ሰው ደስ ስለሚያሰኝ ልጨምር። ከፎርት ሲምፕሰን በስተ ምዕራብ ያለው የናሃኒ ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው። ላሊበላና ስሜንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ወደ ናሃኒ የሚሄዱት ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚነሡት ከዚህችው ከተማ ነው። ወርቅ ፍለጋ ዕድሜውን ሁሉ ወደዚያ ሸለቆ ሲመላለስ ኖሮ ወርቁን ሳያገኝ የሞተው የአልበርት ፋይ ቤትም በወንዙ ዳር ተጠብቆ ይገኛል።

በመጨረሻው ቀን በአንድ የማድረቂያ ድንኳን ውስጥ የሙስ ሥጋ በጭስ የሚያደርቁ እናት አገኘሁ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ የሚያልፍ ይመስላል። እንደ አገሬ ልማድ እጅ ነሥቼ ቆምሁ፤ እርሳቸውም ጉቶ አመለከቱኝ። በዴኔ ቋንቋ ይናገራሉ፤ የልጅ ልጃቸው ወደ እንግሊዝኛ ትመልስልኝ ነበር። ከየት እንደ መጣሁ፤ አባቴና እናቴ በሕይወት መኖራቸውን፤ በአገሬም ሥጋ እንዴት እንደሚደርቅ ጠየቁኝ። ስለ ቋንጣ ነገርኋቸው፤ ጭስ የሌለበት መሆኑ አልጣማቸውም። ስለ ሥራዬ ስነግራቸው የአያታቸውን ስም ጠርተው በወረቀትህ ላይ አለ ወይ አሉኝ።

ያሉኝ ስም አልነበረም። ነገር ግን የቤተ ሰቡን የአደን ስፍራ ሲነግሩኝ፤ ከዊኒፔግ ገልብጬ ካመጣኋቸው ወረቀቶች አንዱ ያንኑ ወንዝ የሚጠቅስ መሆኑ ትዝ አለኝ። አውጥቼ አየሁት። ጸሐፊው ለአዳኙ ያወጣለት የእንግሊዝኛ ቅጽል አለ፤ ከቅጽሉ ፊት ለፊት ያልተከፈለ ዕዳ በቢቨር ተቈጥሮ ተጽፏል። ቅጽሉን ሳነብላቸው እናቲቱ ሳቁ፤ አዎን፤ ነጮቹ እንደዚያ ይሉት ነበር አሉ። ስለ ዕዳው ስነግራቸው ግን አልሳቁም። አያታቸው በዚያ ክረምት ለምሽጉ ሰዎች ሥጋ ሲያመላልስ እንደ ከረመ፤ ወኪሉም ሥጋውን ከዕዳው ሳይቀንስለት ወደ ሌላ ጣቢያ እንደ ተዛወረ አባታቸው ይነግሯቸው እንደ ነበር አወሩኝ። መዝገቡ ስለ ሥጋው ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። የውሎውን መዝገብ ግልባጭ አገላብጬ ተመለከትሁ፤ በየካቲትና በመጋቢት ሥጋ ስለ መምጣቱ ተጽፏል፤ ማን እንዳመጣው አልተጻፈም።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እርሳቸውም ለልጅ ልጃቸው ጥቂት ነገር አዘዟት፤ ልጅቱ በስልኳ ፎቶግራፍ ካነሣችው በኋላ ከቅጽሉ አጠገብ የአያትየውን እውነተኛ ስም በዴኔ ፊደል ጻፈችበት። ከሥሩም አያቷ እየነገሯት የሥጋውን ሸክም ልክ ጨመረችበት። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ሁሉንም ገልብጣ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ዋናውን አስቀሩ። በዚያው ማታ ወደ ሊያርድ መሻገሪያ ስወርድ በልጥ የተጠቀለለ ደረቅ የሙስ ሥጋ አስይዘውኝ ነበር፤ ጀልባው እስኪመጣ ድረስ በዳሩ ላይ ቆሜ እየበላሁ ጠበቅሁ።